ነጻ ነው እንጂ በነጻ አይደለም

ባለፈው ክረምት አንድ ጥፋት አጠፋሁ፡፡ ጓደኛዬን አግባብቼ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጫንኩለት፡፡

ልጁ የሚኖረው በቪዲዮ ነው፡፡ የኮምፒውተር ትምህርት በአማርኛ እየቀረጸ ይሸጣል፤ የሰርግና የምርቃት ሥራ ሲመጣም እምቢ አይልም፡፡ ላፕቶፑ አሮጌ፣ ባትሪውም የሞተ ነው፡፡ ዊንዶውሱም፣ ኤዲት የሚያደርግበት ሶፍትዌርም ክራክ ነበሩ፡፡ (እስቲ ከመካከላችሁ ሶፍትዌር በገንዘቡ የገዛ እጁን ያውጣ!) ከክራኩ ጋር የመጣው ቫይረስ ደግሞ ማሽኑን ኤሊ አድርጎታል፡፡ እኔ የሊኑክስ ፍቅር የያዘኝ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ አያልፈኝም፡፡ «ምን አሰቃየህ? ሊኑክስ ነጻ ነው! ለአሮጌ ላፕቶፕማ መድኃኒት ነው» አልኩት፡፡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ጫንኩለት፡፡ ሣሩን አሳየሁት፤ ገደሉን ግን አላሳየሁትም፡፡

ከወር በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሰጠው፡፡ ለሠራተኞች የሚሆን የሁለት ሰዓት ሥልጠና ከስክሪኑ ላይ ቀርጾ፣ ኤዲት አድርጎ ሐሙስ ማስረከብ አለበት፡፡ ሰኞ ጠዋት ጀመረ፡፡ ጨርሶ ሲያየው ድምፁ አለ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፡፡ በጥቁሩ ላይ የማውሷ ቀስት ብቻዋን ትንሸራሸራለች፡፡ ሌላ ፕሮግራም ፈልጎ ደገመው፡፡ አሁን ምስሉ መጣ፤ ድምፁ ጠፋ፡፡ ለካ ፕሮግራሙ እሱ የሰካውን ማይክ ትቶ ሌላ መርጦ ኖሯል፡፡ ማክሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ፡፡ ሁሉም ነገር ሰላም ሆኖ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ሲደርስ... መብራት ሄደ! መብራቱ ሲመለስ ፋይሉ አለ፤ ግን አይከፈትም፡፡ ረቡዕ እንደምንም ቀርጾ ወደ ኤዲቲንግ ሲገባ ደግሞ በስልኩ ያነሳቸው ቪዲዮዎች እየተቆራረጡ እንደ ፎቶ ስላይድ መሄድ ጀመሩ፡፡

ሥራውን ያስረከበው በቀጣዩ ሰኞ ነው፡፡ ቀኑ በማለፉ ግማሽ ክፍያ ብቻ ተሰጠው፡፡ ለእኔ የተናገረኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንተ ነጻ ነው አልከኝ፤ እኔ አራት ቀንና ግማሽ ክፍያዬን ከፈልኩበት፡፡» በሳምንቱ ክራኩ ዊንዶውስ ተመልሶ ተጫነ፡፡

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሳሉ፡፡ አንደኛው «ድሮም ሊኑክስ የማይረባ ነገር ነው» ይላል፡፡ ሁለተኛው (ብዙውን ጊዜ የእኔ ወገን ነው) «ልጁ አልቻለበትም እንጂ ሊኑክስ ምን አደረገ?» ይላል፡፡ ሁለቱም ተሳስተዋል፡፡ ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፡፡

በጥቁሩ ስክሪን እንጀምር፡፡ ሊኑክስ ላይ የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ የሚያወጣው የድሮው ሥርዓት ኤክስ11 ይባላል፤ የ1987 ሥራ ነው፡፡ በእሱ ላይ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዳሻው ማየት ይችላል፡፡ ይህ ስክሪን ለመቅረጽ ምቹ ነው፤ ለምስጢር ግን አደገኛ፡፡ በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ይህን በር ዘጋው፤ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር ማንም ፕሮግራም የጎረቤቱን መስኮት አያይም፡፡ ሐሳቡ ትክክል ነው፡፡ ችግሩ፣ አሮጌው በር ሲዘጋ አዲሱ ተሠርቶ አላለቀም ነበር፡፡ ኡቡንቱ በኦክቶበር 2017 ዌይላንድን ዋና አድርጎ አወጣ፤ በኤፕሪል 2018 ደግሞ ወደ አሮጌው ተመለሰ፡፡ አንዱ ምክንያት ስክሪን ማጋራት በአሮጌው ላይ የተሻለ መሥራቱ ነበር፡፡ ብዙዎች የሚቀርጹበት ኦቢኤስ ዌይላንድ ላይ ስክሪን በቀጥታ መቅረጽ የቻለው በ2021፣ በ27ኛው እትሙ ነው፡፡ ዛሬም የድሮውን መንገድ ብቻ የሚያውቅ መቅረጫ ዌይላንድ ላይ ብትከፍቱ የምታገኙት ያንኑ ጥቁር ነው፡፡

ድምፁም የራሱ ታሪክ አለው፡፡ አልሳ፣ ፐልስኦዲዮ፣ ጃክ የሚባሉ ሥርዓቶች ለዓመታት አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ኖረዋል፡፡ ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማስገባት የተሠራው ፓይፕዋየር ለ1.0 እትሙ የበቃው በ2023 ነው፡፡ ብዙ ነገር አቅልሏል፡፡ ግን የትኛው ማይክ እንደተመረጠ አይታችሁ ካላረጋገጣችሁ አሁንም ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝምታ ልትቀርጹ ትችላላችሁ፡፡

የቪዲዮው መቆራረጥ ደግሞ ከኢንጂነሩ ይልቅ ጠበቃውን የሚመለከትበት ጊዜ አለ፡፡ ስልኮቻችን የሚቀርጹት በአብዛኛው ኤች264 ወይም ኤች265 በሚባሉ ፎርማቶች ነው፤ እነዚህ ደግሞ የፓተንት ባለመብቶች አሏቸው፡፡ ሶፍትዌሩን ዝም ብሎ የሚያድል ድርጅት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚከፍለውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ አንዳንዶቹ ያንን ክፍል ቆርጠው ያስቀሩታል፡፡ ፌዶራ በ2022 እነዚህን ፎርማቶች በግራፊክስ ካርዱ በኩል የሚፈታውን ክፍል ያስወጣው በዚሁ ሕጋዊ ስጋት ነው፡፡ ግራፊክስ ካርዱ ሲያርፍ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አይችለውም፡፡ መፍትሔ አለው፤ የጎደለውን ክፍል ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጫን፣ ወይም ኬደንላይቭ ላይ ፕሮክሲ የሚባለውን አብርቶ በቀለሉ ቅጂዎች ኤዲት ማድረግ ይቻላል፡፡ ግን ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ አፍንጫህ ሥር ቆሞ፣ ይህን ማን ይነግርሃል?

የመብራቱ ጉዳይ ሊኑክስን እንኳን አይመለከትም፡፡ ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው፡፡ መሐል ላይ መብራት ከሄደ የተቀረጸው ሁሉ ማውጫ የሌለው ክምር ሆኖ ይቀራል፡፡ ልጁ ኤምኬቪ በሚባለው ፎርማት ቢቀርጽ ኖሮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያለው ይተርፍለት ነበር፤ ሲጨርስ ደግሞ ኦቢኤስ ራሱ ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይቀይርለታል፡፡ መብራት በሚጠፋበት አገር የመጀመሪያው ምክር ይህ መሆን ነበረበት፡፡ አልነገርኩትም፡፡ ያን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ነጻነት ስሰብክለት ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልነገርኩትም፡፡

እንግዲህ የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው፡፡ በአማርኛችን «ነጻ» እና «በነጻ» የሚለያዩት በአንዲት «በ» ነው፡፡ ሊኑክስ ነጻ ነው፤ ኮዱን ማየት፣ መቀየር፣ ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል፡፡ በነጻ ግን አይደለም፡፡ ክራክም በነጻ አይደለም፤ በቫይረስና በስጋት ይከፈላል፡፡ የሊኑክስ ዋጋ ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም፡፡ ክረምቱን ሙሉ ተርሚናል ለምጎረጉረው ለእኔ መዝናኛ ነው፡፡ ሐሙስ ለሚያስረክብ ሰው ግን እንጀራው ነው፡፡ እኛ ሰባኪዎቹ ዋጋውን ደብቀን ስንሸጥ ኖረናል፤ ሰው ሲያማርር ደግሞ «መጀመሪያ አንብብ» ብለን እንሰድበዋለን፡፡

«እንግዲያው ነጻ ሶፍትዌር ለቪዲዮ አይሆንም ማለት ነው» እንዳትሉኝ፡፡ ብሌንደርን እዩ፡፡ በ2002 ደጋፊዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ነጻ አወጡት፤ ከዚያ በኋላም ገንዘብና ሰው አልተለየውም፡፡ በ2025 ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» የተባለ የአኒሜሽን ፊልም የተሠራው በብሌንደር ነው፡፡ ኬደንላይቭም የተጀመረው በዚያው በ2002 ነበር፡፡ በ2022 ግን ሥራውን ለማጠናከር ከደጋፊዎቹ መዋጮ ሲጠይቅ ያቀደው 15,000 ዩሮ ነው፡፡ ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ በዚህ ገንዘብ አንድ ፕሮግራመር ለዓመት አይቀጠርም! ልዩነቱ የችሎታ አይመስለኝም፡፡ አንዱን ደጋፊዎቹ ተሸከሙት፤ ሌላውን በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ጥለን እየተሳደብን እንጠቀምበታለን፡፡

ስለዚህ ሊኑክስ የምንወድ ሰዎች ሦስት ነገር ዕዳ አለብን፡፡ አንደኛ፣ ከመጫናችን በፊት ዋጋውን እንናገር፡፡ ሥራ የያዘ ሰው ክራኩን ባንድ ቀን አጥፍቶ እንዲገባ አንገፋፋ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቀስ ብሎ ይልመድ፡፡ ሁለተኛ፣ የደረሰብንን በአማርኛ እንጻፍ፡፡ «አሥር ሰከንድ ቀርጸህ ሳታይ ሁለት ሰዓት አትቅረጽ፤ በኤምኬቪ ቅረጽ፤ ማይክህን አረጋግጥ» የሚል ግማሽ ገጽ ወረቀት ለጓደኛዬ አራት ቀን ያተርፍለት ነበር፡፡ ሦስተኛ፣ የምንጠቀምበትን ነገር እንደግፍ፡፡ ገንዘብ ባይኖረን የተበላሸውን በሥርዓት ማሳወቅ፣ መተርጎም ሥራ ነው፡፡

ጓደኛዬ አሁንም በክራኩ ላይ ነው፤ ላፕቶፑም እንደ ድሮው ኤሊ ነው፡፡ ግማሽ ገጿን ወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ ማንበቡን እንጃ፡፡ የቀረበትን ግማሽ ክፍያ ግን ዕዳዬ ነው ብሎ ስለፈረደብኝ በማኪያቶ እየከፈልኩ ነው፡፡ በዚህ ሒሳብ እስከ መጪው ፋሲካ የምጨርስ አይመስለኝም፡፡

ቸር ያሰማን!