ከሩቅ ማክበር ብቻውን አይበቃም

እሑድ ጧት ቅዳሴው ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ የቍርባን ሰዓት ሲደርስ፣ ከምእመናኑ መካከል ወደ ፊት የሚቀርበው ማን እንደ ሆነ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በብዙ አጥቢያዎቻችን የሚታየው ነገር ያው ነው። ሕፃናት በእናቶቻቸው ክንድ ታቅፈው ይቀርባሉ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይከተላሉ። በመካከል ያለው ጐልማሳ፣ ማለት ተማሪውና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ አንገቱን ደፍቶ በቆመበት ይቀራል። ለምን እንደማይቀርብ ቢጠየቅ መልሱ የተዘጋጀ ነው። «እኔ ማን ነኝና? ዕድሜዬ ገፋ ሲል፣ ኑሮዬም ሲሰክን እደርስበታለሁ» ይላል።

ይህ መልስ ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። በእርግጥም ብዙ ሰዎች በቅን ልብና በእውነተኛ ፍርሃት ይናገሩታል። ዳሩ ግን ትሕትና የሚመስል ሁሉ ትሕትና ነውን? ይህን ጥያቄ ለማንሣት የፈለግሁት የራሳችንን ልማድ በመንቀፍ ሳይሆን፣ በሌላ ቤት የሆነውን በማሳየት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰባት መቶ ዓመት ያኽል በዚሁ መንገድ ተጕዛ፣ ኋላም ከመንገዱ ተመልሳለችና፣ ከእርሷ ታሪክ የምንማረው አይጠፋም። ከዚህ በታች የማወሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ወደ ሁለተኛው መቶ ዓመት እንመለስ። በ155 ዓ. ም. ገደማ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ፣ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ምን እንደሚሠሩ ገልጿል። በከተማም በገጠርም ያሉት በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ጸሎት ይደረጋል፤ የተባረከው ኅብስትና ወይን ለተሰበሰቡት ሁሉ ይታደላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ዲያቆናቱ ላልመጡት ሰዎች ድርሻቸውን ይዘውላቸው መሄዳቸው ነው። ሁለተኛው፣ ያለው ሰው እንደ ፈቃዱ የሰጠው ገንዘብ ተሰብስቦ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለበሽተኞች፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች መከፋፈሉ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከማዕዱ መቅረብና ለጐረቤት መድረስ የአንድ ነገር ሁለት ገጾች ነበሩ ማለት ነው።

ዘመን እየገፋ ሲሄድ ግን የምዕራቡ ምእመን ከማዕዱ ቀስ በቀስ ራቀ። ርቀቱም እስከዚህ ከመድረሱ የተነሣ፣ በ1215 ዓ. ም. በሮም የተሰበሰበው አራተኛው የላቴራን ጉባኤ፣ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለራሱ ካህን ተናዝዞ በትንሣኤ በዓል እንዲቈርብ በሕግ ማዘዝ ግድ ሆነበት። ሰው ሳይታዘዝ በየሳምንቱ ይመገበው የነበረውን፣ አሁን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በትእዛዝ ሆነ። ቢያንስ የተባለውም ለብዙዎች ልማድ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሕዝቡ እምነቱን ትቶ ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ግን ይሳሳታል። በዚያው ዘመን ካህኑ ኅብስቱን ከባረከ በኋላ ሕዝቡ እንዲያየው ከፍ አድርጎ ማሳየት ተለመደ። ሰዎችም ይህን ቅጽበት ለማየት ይጋፉ፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላውም ይሮጡ ነበር። ዩልያና የተባለች መነኵሲት በሊዬዥ ከተማ ለቅዱስ ቍርባን የተለየ በዓል እንዲደረግ አጥብቃ ስለ ለመነች፣ የከተማው ጳጳስ በ1246 በዓሉን ደነገገ፤ በ1264 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ ለመላው ቤተ ክርስቲያናቸው አወጁት። ከዚያ ወዲህ ኅብስቱ በወርቅ ማሳያ ውስጥ ሆኖ በየአደባባዩ በዝማሬ ይዞር ጀመር። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ክብሩም ታላቅ ነበር። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንካችሁ ብሉ» የተባለውን ሕዝቡ ቆሞ ያየው ነበር። ማዕድ የቀረበለት ሰው ባለቤቱን የሚያከብረው ግን ሲበላለት ነው እንጂ፣ ከደጅ ቆሞ ምግቡን ሲያደንቅ አይደለም።

የትሬንቶ ጉባኤ በ1562 ዓ. ም. ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ምእመናን በየቅዳሴው ቢቈርቡ ምኞቱ መሆኑን ገልጾ ነበር። ምኞቱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። እንዲያውም በ1643 አንትዋን አርኖ የተባለ የፈረንሳይ የሃይማኖት ሊቅ ስለዚሁ ጕዳይ ሰፊ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ሰው ከመቍረቡ በፊት ረዥምና ጥብቅ ንስሐ ማድረግ እንደሚገባው አጥብቆ ተከራከረ። የእርሱ ወገኖች ሐሳብ በብዙ የፈረንሳይ ቁምስናዎች ተሰራጨ። ከዚህም የተነሣ ቍርባን ለደካማ የተሰጠ ስንቅ መሆኑ ተረስቶ፣ ለብርቱ የሚሰጥ ሽልማት መሰለ። ልጆችም ቢሆኑ በብዙ አገር ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ እስኪሞላቸው ድረስ ይጠብቁ ነበር።

ይህን የረዥም ዘመን ልማድ የሰበሩት ሰው የገጠር ቆሞስ የነበሩ ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በሰሜን ኢጣልያ ሪዬዜ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የማዘጋጃ ቤት መልእክተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከ1858 እስከ 1875 ዓ. ም. በሁለት የገጠር ቁምስናዎች ሲያገለግሉ፣ ገበሬው ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚፈራ በቅርብ ዐወቁ። በ1903 በጴጥሮስ መንበር ከተቀመጡ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1905 በወጣ ዐዋጅ ክርክሩን ዘጉት። ከከባድ ኀጢአት ለነጻና በቅን አሳብ ለሚመጣ ምእመን ሁሉ፣ በየቀኑ እንኳ ቢሆን መቍረብ የተፈቀደ ነው፤ ከዚህ በላይ ሌላ ሸክም አይጫንበት ተባለ። በነሐሴ 1910 ደግሞ ልጆች ነፍስ ሲያውቁ፣ ማለት ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ሲደርሱ፣ እንዲቈርቡ ታዘዘ። የመጀመሪያ ቍርባንን የልጅነት መፈጸሚያ ሥርዓት አድርገው የለመዱ ወላጆች ነገሩ ከብዷቸው ነበር፤ ቁምስናዎቹ ግን ቀስ በቀስ ተቀበሉት።

ዐዋጅ ብቻውን ሰውን ወደ ማዕድ አያመጣም፤ መንገዱም ሊጠረግ ይገባል። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ የማያስቀምሰው ጾም፣ ሌሊት በፋብሪካ የሚሠራውን ሰው ያስቀር ነበር። ስለዚህ ፒዮስ 12ኛ በ1953 ውሃ መጠጣት ጾሙን እንደማያፈርስ ደነገጉ፤ ጳጳሳትም የማታ ቅዳሴ እንዲፈቅዱ ሥልጣን ሰጡ። በ1957 ጾሙ ወደ ሦስት ሰዓት፣ በ1964 ደግሞ በጳውሎስ 6ኛ ትእዛዝ ወደ አንድ ሰዓት ዝቅ አለ። ጾም ለለመደ ለኛ አገር ሰው ይህ ማቃለል ሊመስለው ይችላል። የታሰበው ግን ሥራ የያዘው ሰው በሥራው ምክንያት ከማዕዱ እንዳይቀር ነበር።

እዚህ ላይ «ይኸው! የቀረበ ነገር ይናቃል ያልነው አልቀረም» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ተከራካሪው ማስረጃም አያጣም። ዛሬ በብዙ የምዕራብ አገሮች የቍርባኑ ሰልፍ ረዥም ሲሆን የኑዛዜው ሰልፍ አጭር ነው። ፒው የተባለው የምርምር ድርጅት በ2019 በአሜሪካ ባደረገው መጠይቅ፣ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናሉ ብለው እንደሚያምኑ የተናገሩት ካቶሊኮች 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 69 ከመቶው ምሳሌ ነው ብለዋል። የአሜሪካ ጳጳሳትም ይህ አሳስቧቸው በ2022 የሦስት ዓመት የመነቃቃት ዘመቻ ጀመሩ። በጁላይ 2024 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ያደረጉትና ከ1941 ወዲህ የመጀመሪያ የሆነው አገር አቀፍ የቅዱስ ቍርባን ጉባኤ ከ50,000 የሚበልጥ ሰው ሰብስቧል፤ ሕዝቡም በታላቁ ስታዲዮም ውስጥ በፍጹም ጸጥታ ተንበርክኮ ሰግዷል።

ክርክሩ ከባድ መሆኑን አልክድም። መድኃኒቱ ግን ሕዝቡን እንደ ገና ከማዕዱ ማራቅ ነውን? እኔ በበኩሌ አይመስለኝም። በሽታው መቅረቡ ሳይሆን የመቅረቡ ግማሽ መረሳቱ ነው። ዮስጢኖስ ከጻፋቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ተመልሶ ሌላው ቀርቷል። ሰው ወደ ማዕዱ ይቀርባል፤ ነገር ግን በአጠገቡ የቆመውን ሰው ስም አያውቅም፤ የታመመውን የቁምስናውን ልጅ አይጠይቅም። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጻቸው በዚሁ ምክንያት አልነበረምን? ባለጸጋው አስቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ድኻው እየተራበ፣ ይህ የጌታ እራት አይደለም አላቸው። በኛም አገር ቢሆን ከአንድ መሶብ የቈረሱ ሰዎች በማግሥቱ ቢካካዱ ትልቅ ነውር ነው። ይህን ነውር በእንጀራ የምናውቀውን ያኽል በቍርባን ብናውቀው፣ የሚቀርበው ነገር ባልተናቀ ነበር።

መቅረብ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ንጉየን ቫን ቱዋን የተባሉትን የቬትናም ጳጳስ ይመልከት። በነሐሴ 1975 ዓ. ም. ተይዘው ዐሥራ ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ነው ያሳለፉት። ወዳጆቻቸው ጥቂት ወይን የሆድ መድኃኒት ነው ብለው ላኩላቸው። እርሳቸውም ሦስት ጠብታ ወይንና አንድ ጠብታ ውሃ በመዳፋቸው ይዘው ይቀድሱ ነበር። ከሌሎች እስረኞች ጋር በነበሩበት ሰፈር ደግሞ፣ ክርስቲያኖቹ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ትንንሽ ከረጢት ሠርተው፣ የተባረከውን ኅብስት በኪሳቸው እየያዙ ለጓደኞቻቸው ያደርሱ ነበር። ካቴድራል አልነበረም፤ የወርቅ ማሳያም አልነበረም። ማዕዱና ለጓደኛ መድረሱ ግን አንድ ላይ ነበሩ። በዚያ የእስር ቤት መኝታ ላይ እውነተኛ ቁምስና ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል።

በአማዞን ጫካም እንዲሁ፣ በ2019 በሮም የተደረገው የጳጳሳት ሲኖዶስ እንደ መሰከረው፣ ካህን ሳያዩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚያልፉባቸው ማኅበረሰቦች አሉ። እነርሱ እየናፈቁ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ በደጃችን ቤተ ክርስቲያን ያለን እኛ ዛሬ ነገ ስንል ዕድሜያችንን እንጨርሳለን።

ይህ ታሪክ ለኛ ባዕድ እንዳይመስለን። የኢትዮጵያ ካቶሊኮች በ2007 ዓ. ም. የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ፣ 0.7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም በ1839 ወደ ዓድዋ የመጡት ዩስቲኖስ ዴ ያኮቢስ የላቲኑን ሥርዓት ሳይጭኑ የግዕዙን ስለ ያዙ፣ በሰሜንና በአዲስ አበባ ያሉት ካቶሊኮች የሚቀድሱት ማንኛችንም የምናውቀውን የግዕዝ ቅዳሴ ነው። የኦርቶዶክሱም ቤት ሕፃኑን በተጠመቀበት ቀን ያቈርባል፤ ይህን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ትቶታል። እንግዲህ ሕፃን ሳለ የተጠራ ሰው ጐልማሳ ሲሆን «ገና ነኝ» ማለቱ ከየት የመጣ ነው? ሥርዓቱ አላባረረውም፤ ያባረረው ልማዱ ነው።

ጕዳዩ የሃይማኖት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! «ኑሮዬ ሲሰክን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ነገር «የያዝሁትን ጠባይ ዛሬ አልለቅም» ነው። ቅሚያውን፣ ውሸቱን፣ ቂሙን ከነገ ወዲያ ሊተወው ቀጠሮ ይይዛል። ሽምግልና ደግሞ ኀጢአትን አያስተውም፤ የሚያሳጣው ጕልበቱን ብቻ ነው። ለእግዚአብሔር የደከመውን ዕድሜ ብቻ አስቀርቶ ብርቱውን ለራሱ የሚያደርግ ሰው አከበረ ይባላልን? ፒዮስ 10ኛ የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ንስሐና ቅን አሳብ። ሁለቱም በሃያ ዓመት ዕድሜ ይቻላሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የሚቆመው ባለጕዳይ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቃትና የሚያለቅስባት አንዲት ቃል አለች፤ «ነገ ና» የምትባለው። ሠራተኛው ይህችን ቃል የተማረው ከመሥሪያ ቤቱ ብቻ አይመስለኝም። ለፈጣሪው በየእሑዱ «ነገ» ማለት የለመደ አንደበት፣ ሰኞ ጧት ለመበለቲቱ ሌላ ቃል ከየት ያመጣላታል? እንግዲህ ከማዕዱ መቅረብን ዛሬ የሚጀምር ወጣት፣ የእርሷንም ፋይል ዛሬውኑ ያንሣ። ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።