የአረጋውያን ቤታችን የኮምፕዩተር ፕሮግራም በመድኃኒት ሰዓት ይፈተን!



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ጧሪ ያጡትን የሰፈራችንን አባቶችና እናቶች በአንድ ግቢ ሰብስቦ መጦር ከጀመረ ወዲህ ሥራው እየሰፋ፣ ደብተሩም እየበዛ መጥቷል። የመድኃኒቱ ደብተር ሌላ፣ የቀለቡ ሌላ፣ የሐኪም ቀጠሮው ሌላ፣ የመዋጮው ሌላ ነው። በመሆኑም ሥራው በኮምፕዩተር ፕሮግራም ይካሄድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሦስት ሻጮች ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ዕቃቸውን አሳይተውናል። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት በጽሕፈት ቤቱ በኩል ያለውን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንዳንድ አባላት «ደብተር ምን አነሰው?» ይላሉ። አንሶታል እንጂ! አንድ አባት በሌሊት ታመው ሆስፒታል ሲወሰዱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ነው። ደብተሩ ያን ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቢገኝም የአንዱን ተረኛ የእጅ ጽሑፍ ሌላው አያነበውም። ስለዚህ እኛ ፕሮግራም ይገዛ ከሚሉት ወገን ነን። የምንከራከረው የትኛው ይገዛ በሚለው ላይ ነው።

ሻጮቹ ያሳዩን ነገር ያማረ መሆኑን አንክድም። ስንት አልጋ እንደተያዘ፣ ማን መዋጮ እንደከፈለ፣ ለረጂዎች የሚላከው ሪፖርት፣ ሁሉም በቀለም በቀለም ተሥሎ ይታያል። ከኮሚቴያችንም ልባቸው በዚሁ የተማረከ አሉ። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሰው ነፍስ ያለው በሪፖርቱ ላይ አይደለም፤ የሌሊት ተረኛዋ በእጇ ይዛ በምታነበው የመድኃኒት መዝገብ ላይ ነው።

እስቲ ይህን ተመልከቱ። አብዛኛው ፕሮግራም የተሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት ከቁርስ በፊት ከጧቱ 1 ሰዓት፣ ከእራት በፊት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ኢንሱሊን ይወጋሉ እንበል። ፕሮግራሙ ሁለቱንም «7:00» ብሎ ይጽፋቸዋል፤ ጧትና ማታ የሚለየው ከጎኑ ባለች ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። የእኛ ተንከባካቢ 7 ስትል 7 ሰዓት ማለቷ ነው። የጧቱ ከምሳ ሰዓት ላይ ይወድቃል። የማታው የባሰ ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እናታችን ከተኙና ምግብ ከሆዳቸው ከራቀ በኋላ ይሆናል። ሳይበላ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ይኸ የቋንቋ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በእኛ ልማድ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ኮምፕዩተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለውጠዋል። ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተሰጠ ማስታገሻ በፕሮግራሙ ውስጥ የረቡዕ ሆኖ ይመዘገባል። ጧት የገባው ተረኛ «የረቡዕ ተሰጥቷል» ብሎ ቢያልፈውስ? ለአንደኛው ሻጭ ይህን ብንነግረው «ሠራተኞቹ ይለምዱታል» አለን። እኛ የምንፈልገው ፕሮግራሙ ሠራተኞቹን እንዲለምድ ነው።

የቀን መቁጠሪያውን በተመለከተ የምንመክረው ቀላል ፈተና አለ። ማንኛውም ሻጭ ሲመጣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ብሎ በፊታችን ይጻፍ። ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ነው። ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ካለ፣ ወይም ማግሥቱን መስከረም 1 ቀን 2016ን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ካላደረገው፣ አቆጣጠራችንን ሳያውቅ ከላይ አማርኛ የተቀባ ነው ማለት ነው። የሆስፒታል ቀጠሮ የሚጻፍልን በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ አንድ ቀን ሲሳሳት ወረፋው ያልፋል። ጳጉሜን 2019ም ስድስት ናትና ነገሩ የሩቅ አይደለም።

ስለ ስም ብዙ አንልም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ ካልሞላህ አላሳልፍም የሚል ፕሮግራም ባልና ሚስቱን እንግዳ ለእንግዳ ያደርጋቸዋል፤ አባትና ልጅን ያምታታል። ፊደላችንም አለ። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጸሐይ፣ ሌላው ጸሃይ ብሎ ይጽፋል። አንዱን ሲፈልጉ ሁሉንም ካላወጣ አንዲት እናት በሁለት መዝገብ ገብተው መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሊታዘዝላቸው ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍና የአልጋ ቁጥር ከስሙ ጋር አብሮ ይታይ።

መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው ለሁላችንም ግልጽ ነው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን አንረሳም። መዝገቡ በሙሉ ባሕር ማዶ ባለ ኮምፕዩተር ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በነዚያ ሳምንታት ማን ምን እንደሚውጥ አናውቅም ነበር። ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት መሥራት፣ በየማታውም የነገውን የመድኃኒት ዝርዝር በወረቀት አትሞ ማውጣት አለበት። ወረቀት መብራት አይፈልግም።

አሜሪካ አገር በአረጋውያን ቤት የሚሠሩ ልጆች ያሏቸው አባላት ደግሞ «እዚያ የሚሠሩበትን ለምን አናመጣም?» ብለውናል። ፖይንትክሊክኬር የሚባለው የካናዳ ኩባንያ ፕሮግራም በሰሜን አሜሪካ በብዙ የአረጋውያን ቤቶች ይሠራበታል። ጥሩ ነው፤ ለዚያ አገር። ከሥራው አንዱ ክፍል ለሜዲኬርና ለመሰሎቹ የመድን ሒሳብ ማቅረብ ነው፤ እኛ ደግሞ ሒሳብ የምናቀርበው ለጉባኤያችን ነው። በውጭ ገንዘብ በየወሩ መክፈልም ቀልድ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ቋሚ ዕዳ በዶላር መግባት የቀለቡን ገንዘብ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በነጻ የሚገኝም አለ። ኦፕንኤምአርኤስ የሚባለው በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጀመረና በብዙ አገሮች ክሊኒኮች የሚሠራበት ነው። ይሁንና የተሠራው ለሐኪም ቤት እንጂ ለመጦሪያ ቤት አይደለም፤ የቀለብና የመዋጮ ነገር ለብቻው መሠራት አለበት። ነጻ መሆኑም የሚተክለውና ሲበላሽ የሚጠግነውን ባለሙያ ደመወዝ አያስቀርም። ቢሆንም አንድ ወጣት ከሰፈራችን ተገኝቶ ቢይዘው የምናስበው ነገር ነው።

ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ሌላም ነገር አለ። ውል ብናፈርስ መዝገባችንን ይመልሱልናል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ የጤናን መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። የእናቶቻችን ሕመም የሻጭ ማስታወቂያ ሊሆን አይገባውም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ መዝገቡን በማንኛውም ኮምፕዩተር በሚነበብ ዓይነት አውጥቶ እንደሚያስረክብ በጽሑፍ ሰጥቶናል። ሁለቱ «ችግር የለም» ብለው በአፍ አለፉት።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት ፕሮግራሞቹን ኮሚቴው ሳይሆን የሌሊትና የቀን ተረኞቹ ለአንድ ወር ይሞክሯቸው። ደብተሩም ጎን ለጎን ይጻፍ፤ በየሳምንቱ ሁለቱ ይመሳከሩ። ልዩነት በተገኘ ቁጥር የትኛው ልክ እንደነበረ ተረኛዋ ራሷ ታስረዳ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። «ጊዜ ይፈጃል» የሚሉን አሉ። ይፍጅ።

ሻጮቹ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በአረጋውያኑ ቤት አዳራሽ ይገኛሉ። ተረኞቻችን ጥያቄ እንዲያቀርቡ ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። አባላትም የቤታችሁን ሰው ስም በየምትጽፉበት ፊደል በቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ እዚያው እናስፈልጋቸዋለን። ቡና ይኖራል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት