መሰንቆና የተውሶ አዳራሽ

ባለፈው ዓመት በጎንደር ከተማ በአንዲት ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ ተገኝተን ነበር። አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ከወገራ በኩል መጥተው መሰንቆአቸውን ይጫወታሉ። መሣሪያውን የሚያዘው ወጣት ማይክሮፎኑን ካቆመ በኋላ ከመሣሪያው ዝርዝር «ታላቅ አዳራሽ» የሚለውን መረጠ፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ የሚመስለውንም ደርቦበት መቅዳት ጀመረ። ዘፈኑ ሲያልቅ አሰማቸው። ሽማግሌውም ጆሮአቸውን አዘንብለው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፤ ይህ የማን መሰንቆ ነው?» ብለው ጠየቁት። በክፍሉ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቱ «የእርስዎ ነው እንጂ አባቴ» ቢላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። እኛ ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

አንባቢ ሆይ፤ እኛ የመሣሪያ ጠላቶች አይደለንም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ ባያስቀርጹ ኖሮ፤ ድምፃቸውን ዛሬ ከወዴት እናገኘው ነበር? ያን ጊዜ ድምፅን ለማስቀረጽ ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ስምንት ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ የሚቀበል ዲጂታል መቅረጫ በከረጢት ተይዞ ዳባትና ደባርቅ ይደርሳል፤ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፤ መሰንቆውን ከከበሮው፤ ከበሮውን ከዘፋኙ ለይቶ በየራሱ ትራክ ይይዛል። ይህን የመሰለውን ጥበብ የሚነቅፍ ቢኖር እርሱ ከእኛ ወገን አይደለም። የምንነቅፈው በመቅረጫው ውስጥ የተቀመጠውን ሞዴሊንግ የተባለውን የድምፅ ማልበሻ ያለ ቦታው ማዋልን ነው።

ሞዴሊንግ ማለት የአንድን ዕቃ ወይም የአንድን ቤት ጠባይ በሒሳብ ቀምሮ መምሰል ነው። በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ ድምፁ ሲበረታ እንዴት እንደሚሻክር፤ የስፒከሩ ሣጥን የትኛውን ድምፅ አጉልቶ የትኛውን እንደሚውጥ፤ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እንዴት ተመላልሶ እንደሚጠፋ አስልቶ በደረቁ ድምፅ ላይ ያለብሰዋል። የጃፓኑ ሮላንድ በ1995 እ.ኤ.አ.፤ የአሜሪካው ላይን ሲክስ በ1998 እ.ኤ.አ. የዚህን ዐይነት መሣሪያ ለገበያ አውጥተዋል። የተመሰሉትም በብዛት እነፌንደር፤ እነማርሻልና እነቮክስ፤ ማለት የአሜሪካና የእንግሊዝ አገር የጊታር ማጉያዎች ናቸው። ለጊታር ተጫዋች ይህ በእውነት ትልቅ ችሮታ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያው ግማሽ መሣሪያ ነውና። በኤሌክትሪክ ለሚመታ ክራርም እንዲሁ ቢደረግ አንቃወምም።

መሰንቆ ግን ማጉያውን ከራሱ ጋር ይዞ የተሠራ ነው። ከእንጨት የተበጀውና ቆዳ የተለበጠው ሣጥኑ ማጉያው ነው። ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ብቻ አለችው፤ ጣትም አውታሪቱን ከጎን ይነካታል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቃትም። ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ደጋኑ ሲሳብ የሚሰማው ሻካራ እስትንፋስም የድምፁ አካል ነው። የጊታር ሞዴል በዚህ ሻካራ ላይ ሌላ ሻካራ ደርቦ ያደፈርሰዋል። ጩኸት ማጥፊያ የተባለው ክፍል ደግሞ እስትንፋሱን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። የቅኝት ማረሚያውም መንሸራተቱን ስሕተት ነው ብሎ ከ12ቱ የፒያኖ ድምፆች ወደ አንዱ ይጎትተዋል። በበገና ላይ ይህ ቢፈጸም ምን ሊቀር ነው? የበገና ነዛሪ ድምፅ በጅማቱና ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨት መካከል የቆዳ ቁራጭ እየገባ ታስቦ የሚፈጠር ነውና።

«ወጣቱ ትውልድ ደረቁን መሰንቆ አይሰማልንም፤ ዘመናዊ ማድረግ አለብን» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ዘመናዊነት ከጌታቸው መኩሪያ ወዲያ ማንን ሊጠቅስ ነው? እርሱ ሽለላን በሳክስፎን አሰማ፤ የባዕዱን መሣሪያ በእኛ አንደበት አናገረው። ኃይሉ መርጊያም በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር አኮርዲዮኑን ከሙግ፤ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ መኪና ጋር ብቻውን ደራርቦ ቀርጿል፤ ግን አኮርዲዮኑ አኮርዲዮን መሆኑን አልተወም፤ ዜማውም የአገሩ ነው። ዛሬ የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የራሳችንን መሣሪያ በባዕድ አንደበት ማናገር!

ሽማግሌውን በዚያው ቀን ማታ በአዝማሪ ቤት ሲጫወቱ ደግመን ሰማናቸው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም እየተቀበሉ፤ ሰሙን ከወርቁ እያዋደዱ ይመልሳሉ። ጭብጨባው፤ ሳቁ፤ የጭቃው ግድግዳ የሚመልሰው አጭር ድምፅ ሁሉ የዘፈኑ ክፍል ነበር። በቀን ግን ባዶ ግድግዳ ፊት አስቀምጠዋቸው፤ የሜትሮኖም ትክታ በጆሮአቸው ይሰሙ ነበር፤ ተቀበል የሚላቸውም ሰው አልነበረም። በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ የሩቅ አገር አዳራሽ ሞልቷል፤ የጎንደር አዝማሪ ቤት የለም። እርሱን ለማግኘት ስሌት አያሻም፤ ከስምንቱ ማይክሮፎን አንዱን በቤቱ ማዕዘን ማቆም ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው ነገር የማይመለስ መሆኑ ነው። በመቅረጫው ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ የተመረጠው ሞዴል ከድምፁ ጋር አብሮ በትራኩ ላይ ይጻፋል፤ ወይም ደረቁ ድምፅ ተጽፎ ሞዴሉ በኋላ፤ ድምፆቹ ሲቀላቀሉ ይጨመርበታል። በመጀመሪያው መንገድ የተያዘ ድምፅ ልብሱ ከሥጋው ጋር ስለ ተሰፋ ከእንግዲህ አይገፈፍም። በሁለተኛው መንገድ ግን ያሻውን አልብሶ ያላሻውን ማውለቅ ይቻላል። ታዲያ የመጀመሪያው ለምን ይመረጣል? ቦታ እንዳይሞላ ነው እንዳይባል፤ በ16 ቢት የተያዘ አንድ ትራክ በደቂቃ ከ5 ሜጋባይት ጥቂት ይበልጣል፤ 32 ጊጋባይት ያለው ጣት የማታክል ካርድም ወደ 100 ሰዓት የሚሆን ደረቅ ድምፅ ይይዛል። እንግዲህ ምክንያቱ ችኮላ ነው፤ ችኮላ ካልሆነም ንቀት ነው።

በጎንደር አጠገብ እንዳለችው እንደ ቡርቧክስ ባሉት የአዝማሪ መንደሮች ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጆሮ ነው፤ በኖታ የተጻፈ መጽሐፍ የለውም። ለአዝማሪው ብራናው ይህ ቅጂ ነው። ብራናውን አደፍርሰን ለልጅ ልጁ ብንሰጠው ምን አነበበ ሊባል ነው?

ስለዚህ የባህል ጉዳይ በእጃቸው ያለ ሹማምንትና የትምህርት ቤት ኪነት የሚመሩ መምህራን አንድ ነገር እንዲያዙ እንጠይቃለን። ማንም የአገር ድምፅ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ደረቁን ትራክ ያስቀምጥ፤ ሞዴሉን በግልባጩ ላይ ይሞክር፤ በመዝገቡም ላይ የተጫዋቹን ስም፤ አገሩንና ቅኝቱን፤ የተጨመረውንም ሞዴል ይጻፍ። ተማሪዎችም መሣሪያውን ሲማሩ ዝርዝሩን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ማይክሮፎን ከመሰንቆው ምን ያህል ርቆ ቢቆም እንደሚሻል በጆሮአቸው ይለዩ።

የወገራውን ሽማግሌ ደረቅ ትራክ ለማግኘት ከወር በኋላ ወደዚያች ክፍል ተመልሰን ጠይቀን ነበር። ወጣቱ መሣሪያውን ከፍቶ ከፈለገ በኋላ «ከአዳራሹ ጋር የተቀዳው ብቻ ነው ያለው» ብሎ መለሰልን።