ግርሻ፦ የባለቤቱን ጋቢ የደረበ ሌባ

የክረምቱ ዝናብ በአርሲ ደጋ ላይ በበረታ ጊዜ፥ በጢቾና በአካባቢው የሚኖር ሰው ጋቢውንና ቡልኮውን ደራርቦ ወደ እሳቱ ይጠጋል። ፀሓይ ስለማይገኝ ልብስ ዐጥቦ ማድረቅ ይቸግራል፤ ቤተ ሰቡም ሙቀት እንዲያገኝ ተጠጋግቶ ይተኛል። ይህ አኗኗር ለሰው እንደሚመች ሁሉ ለልብስ ቅማልም ይመቻታልና፥ በዚሁ ወራት በአገራችን ደጋ የታወቀ አንድ በሽታ ይነሣል። ይኸውም የሚያገረሽ ትኩሳት፥ ባጭሩም ግርሻ የሚባለው ነው።

በሽታው እየቀነሰ ቢሄድም አልጠፋም። በአሰላ ሆስፒታል የታከሙ የ389 ሕሙማን ጥናት በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜም ወታደሮች ተጨናንቀው በቆዩባቸው ሰፈሮች ወረርሽኙ ተነሥቶ ነበር። እንደገናም በ2016 እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች መካከል ተከሥቷል። የቆሎ ተማሪ ጎጆ፥ እስር ቤት፥ የስደተኛ መጠለያ፥ ባጠቃላይ ሰው ተፋፍጎ ልብሱን ሳይለውጥ የሚያድርበት ስፍራ ሁሉ ለግርሻ የተመቸ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪቃ ቀንድ ተነሥተው ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ ሳይቀር ተገኝቷል።

ትኩሳቱ የሚጀምረው በድንገት ነው። ሕመምተኛውን ብርድ ብርድ ይለዋል፥ ራሱን ይፈልጠዋል፥ መገጣጠሚያውን ይቈረጥመዋል፤ አንዳንዱን ይነስረዋል፥ ዐይኑም ቢጫ ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያህል ከታመመ በኋላ በላብ ተጠምቆ ትኩሳቱ ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ እናት «ተመስገን፥ ልጄ ዳነልኝ» ትላለች፤ ወደ ሐኪም ለመውሰድ የታሰበውም መንገድ ይቀራል። ነገር ግን አንድ ሳምንት ያህል ቈይቶ ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ለምን እንደሚሆን የተረዳ ሰው በመጀመሪያው እፎይታ አይታለልምና፥ ነገሩን ጥቂት እናብራራው።

በደማችን ውስጥ ከ30 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች እንደ ዘበኛ ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በጉበት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ ይህን ኀይል ኮምፕልመንት ብሎ ሰየመው፤ «አሟይ» እንደ ማለት ነው። ቤልጅጋዊው ዡል ቦርዴም በዚህ ዘርፍ ባደረገው ምርምር የ1919 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እንግዳ ጀርም ወደ ደም በገባ ጊዜ ከዘበኞቹ አንዱ፥ ሦስተኛው ተብሎ የሚጠራው፥ ተቈርጦ በጀርሙ ገላ ላይ ይለጠፋል። ይህም ነጭ የደም ሴሎች መጥተው እንዲውጡት ምልክት ይሆናል፤ የቀሩት ዘበኞችም እየተቀባበሉ ተሰብስበው የጀርሙን ሽፋን ይበሱታል። ታዲያ ይህ ሠራዊት የገዛ አካላችንንም እንዳይበሳ የሚከለክለው ያስፈልጋል። ፋክተር ኤች የተባለ ሌላ ፕሮቲን በራሳችን ሴሎች ላይ እየተቀመጠ «ይህ የቤት ሰው ነውና ተዉት» እንደ ማለት ያስታግሳቸዋል።

የግርሻ ጀርም፥ በሳይንስ ስሙ ቦሬልያ ሬከረንቲስ፥ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ይመስላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ጀርሙ በላዩ ላይ ባለው አንድ ፕሮቲን ፋክተር ኤችን ከደማችን እየጠለፈ ይለብሰዋል። በጨለማ የባለቤቱን ጋቢ ደርቦ በዘበኛው ፊት እንደሚያልፍ ሌባ መሆኑ ነው። ይህን ዘዴ የሚያውቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የማጅራት ገትር ጀርምም ፋክተር ኤችን ይሰርቃል። ሊቃውንትም የመስረቂያውን ፕሮቲን ራሱን ወስደው «ቢ» ለሚባለው የማጅራት ገትር ወገን ክትባት ሠርተውበታል። ለግርሻ ግን እስከ ዛሬ ክትባት የለውም።

ሰውነታችን በዚህ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የጀርሙን ውጫዊ ልብስ ለይቶ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጅና አብዛኛውን ያጠፋዋል፤ ትኩሳቱ የሚለቀውም ያን ጊዜ ነው። ሆኖም ከጀርሞቹ ጥቂቶቹ ሌላ ልብስ ለውጠው ተሸሽገዋልና፥ እነዚሁ ይራቡና በሽታው ያገረሻል። እንግዲህ የትኩሳቱ መብረድ የመዳን ምልክት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። ሳይታከሙ ከቀሩ 100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በታከሙት ዘንድ ግን ሟቾቹ ከ2 እስከ 5 ብቻ ናቸው። እርጉዝ ሴት ከሆነች ደግሞ ፅንሱ ሊወርድ ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይበቃል። ነገር ግን መድኀኒቱ ከተሰጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጀርሞቹ ባንድ ጊዜ ሲሞቱ ሕመምተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱ ይንራል፥ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ዘመድ ይህን አይቶ «መርፌው ገደለው» ብሎ መደንገጡ አያስገርምም። መድኀኒቱን ከየሱቁ ገዝቶ በቤት መውሰድ ክፉ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሐኪም ዐይን ሥር መዋል ያስፈልጋል።

ስለ ቅማል መናገር በብዙ ቤት እንደ ነውር ይቈጠራል። እኛ ግን ነውሩ ከሞት አይብስም እንላለን። ቅማል የተኰሰ ገላ አትወድምና ሕመምተኛውን ትታ አጠገቡ ወደ ተኛው ትሄዳለች፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከማን ጋራ እንደሚተኛ ሲጠይቅ ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ደግሞም ጀርሙ የሚኖረው በቅማሏ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለ ሆነ፥ በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው ቅማሏ ስትጨፈለቅ ፈሳሿ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ሲገባ ነው። በየደጃፉ ተቀምጦ ቅማልን በሁለት ጥፍር መሐል መግደል የተለመደ ነገር ቢሆንም፥ ለግርሻ በር የሚከፍተው ይኸው ልማድ ነው። የሕመምተኛውንም ሆነ አብረውት የሚተኙትን ሰዎች ልብስና ነጠላ በፈላ ውኃ መቀቀል ይገባል። ሊቀቀል የማይችለውን የሱፍ ልብስና ብርድ ልብስ ግን በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ 2 ሳምንት ማቈየት ነው፤ የልብስ ቅማል ከሰው ገላ ተለይታ ከአንድ ሳምንት የበለጠ አትቈይም፤ ከእንቍላሉ የሚፈለፈሉትም የሚመገቡት አጥተው በዚያው ያልቃሉ።