ሐሩር፣ ሥራና ኩላሊት፦ ከጅቡቲ መስመር መልስ የሚሻው ጥያቄ

ጅቡቲ ከተማ — በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ክረምቱ በሚበረታባቸው ወራት ጅቡቲ ከተማ ከዓመቱ ሁሉ የከፋውን ሐሩር ታሳልፋለች። የሙቀት መጠኑ በተደጋጋሚ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። “ኻምሲን” የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነፍሳል፤ ነፋሱ ጋብ ሲል ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ላብ እንዳይተንና ሰውነት እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል።

ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚህ ሐሩር ውስጥ ነው። ጭነት የሚያወርዱ የወደብ ሠራተኞች፣ በከተማዋ ዳርቻ ፒኬ 12 በተባለው ስፍራ የሚቆሙ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው፣ በግንባታ ላይ የተሰማሩ የቀን ሠራተኞችም ለዚሁ ሙቀት የተጋለጡ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ኩላሊት ጉዳይ ከሕክምና አልፎ የንግድና የሠራተኛ መብት ጥያቄ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እአአ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በሥራ ቦታ ከሚያጋጥም ሙቀት ጋር በተያያዘ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ 26.2 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል።

ከሸንኮራ እርሻ የመጣ ማስጠንቀቂያ

ጉዳዩ የዓለምን ትኩረት የሳበው በመካከለኛው አሜሪካ፣ በተለይም በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ ነበር። በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የሚሠሩ ወጣት ወንዶች የስኳር ሕመምም ሆነ የቆየ የደም ግፊት ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው ሥራውን ማቆም ጀመረ። የፓን አሜሪካ የጤና ድርጅት በ2013 ሕመሙን አሳሳቢ የሕዝብ ጤና ችግር አድርጎ ተቀበለው።

ተመራማሪዎች ስለ መንስኤው እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን የሚጠረጥሩ አሉ። በሙቀት ውስጥ የሚከናወን ከባድ ሥራና ተደጋጋሚ የሰውነት ፈሳሽ እጥረት ግን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኔፓል በተመለሱ የጉልበት ሠራተኞች ላይም ተቀራራቢ ሁኔታ ታይቷል።

ሦስት ሕመሞች፣ አንድ ዝምታ

ኩላሊት አብዛኛውን አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ሕመም ላያሰማ ይችላል። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያዎች አሉት። የማጣሪያው ራስ ግሎሜሩለስ የሚባል የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉንጉን ነው፤ ከእርሱ የሚቀጥለው ቀጭን ቱቦ ውኃውንና ጨውን ወደ ደም ይመልሳል። የሕመሙን ዓይነት የሚወስነው ጉዳቱ የጀመረበት ቦታ ነው።

ግሎሜሩለስ ሲታመም ፕሮቲንና ደም ወደ ሽንት ያፈስሳል፤ ሽንት አረፋ ይበዛበታል፣ ፊትና እግር ያብጣል። ሐሩር በዋነኛነት የሚጎዳው ግን ቱቦውንና በዙሪያው ያለውን ህብረ ህዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ሽንት የሚወጣው ፕሮቲን ጥቂት ነው፤ ጭራሹን ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ የሽንት ምርመራ ብቻ ታማሚውን ሠራተኛ ጤነኛ ነው ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የክሪያቲኒን መጠንም መለካት አለበት።

ሦስተኛው ዕጢ ነው። የኩላሊት ካንሰር ብዙ ጊዜ በዝምታ ያድጋል፤ የሚገኘውም ደም የቀላቀለ ሽንት ሲታይ ወይም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሣ ነው።

ልዩነቱ በሕክምናው ላይ ይገለጣል። ለአንዳንድ የግሎሜሩለስ በሽታዎች የሚሰጡት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች በሐሩር የተጎዳ ኩላሊትን አይፈውሱም፤ ታማሚውን ግን ለሌላ ኢንፌክሽን ሊያጋልጡት ይችላሉ። ዕጢ በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል።

ከመርፌ ጫፍ የሚገኝ መልስ

የግሎሜሩለስ በሽታዎችን በእርግጠኝነት ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ባዮፕሲ ያስፈልጋል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ ከኩላሊቱ ቀጭን ቁራጭ ይወስዳል። የፓቶሎጂ ባለሙያው ቁራጩን በተራ ማይክሮስኮፕ፣ በፍሎረሰንስ ማቅለሚያ፣ አንዳንዴም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ለምሳሌ በዓለም በስፋት ከሚታዩት የግሎሜሩለስ በሽታዎች አንዱ የሆነው የ“አይጂኤ” የኩላሊት ሕመም እአአ በ1968 በፓሪስ ሊታወቅ የቻለው በፍሎረሰንስ ዘዴ ነው።

ይህን ምርመራ በአፍሪካ ቀንድ ማስፋፋት የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2010 ተመራማሪዎች “አፖኤል 1” በተባለው ዘረ መል ላይ ያሉ ሁለት ለውጦች፣ የምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የግሎሜሩለስ በሽታን ሥጋት በእጅጉ እንደሚያሳድጉ አረጋገጡ። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ጥናት ግን በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህን ለውጦች አላገኘም። በአትላንታ ወይም በሌጎስ የተገኘ ውጤት ለአዲስ አበባም ሆነ ለጅቡቲ ከተማ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም ማለት ነው።

ውድ ፍጻሜ፣ ርካሽ ጅማሬ

ኩላሊት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲያቆም የሚቀረው ምርጫ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው እአአ በ2015 ነው። ለብዙ ቤተሰቦች የእጥበት ወጪ ከአቅም በላይ መሆኑን፣ በመዲናዋ ጎዳናዎች በድምፅ ማጉያ ለታማሚዎች እርዳታ የሚጠይቁ ተሽከርካሪዎች ይመሰክራሉ።

መከላከሉ ግን ርካሽ ነው። በኒካራጓ ለአገዳ ቆራጮች ውኃ፣ ዕረፍትና ጥላ በሥርዓት ሲሰጣቸው የኩላሊት ጉዳት ቀንሷል። ኳታር በ2021 ባወጣችው ደንብ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ መሥራትን ከልክላለች። ጅቡቲም በ2021 በዶራሌ የባሕር ውኃ ማጣሪያ አስመርቃለች፤ ከኢትዮጵያ የሶማሌ ክልልም በቧንቧ ውኃ ታገኛለች። ቁም ነገሩ ይህ ውኃ ጭነት በሚወርድበትና መኪና በሚቆምበት ቦታ መድረሱ ነው። በደረቀ ሰውነት ላይ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን መውሰድ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ለሠራተኞች ማስረዳትም ወጪው እምብዛም ነው።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2025 ስለ ኩላሊት ጤና የመጀመሪያ የሆነውን የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፤ አገሮች ቅድመ ምርመራን በመደበኛ የጤና አገልግሎታቸው ውስጥ እንዲያካትቱም አሳስቧል። በጅቡቲ መስመር ላይ ውሳኔው የሚፈተነው በሁለቱ መንግሥታት ትብብር ነው። አሽከርካሪው በአንዱ አገር ይታመማል፤ በሌላው አገር ይታከማል። የክሪያቲኒን ውጤቱ ድንበሩን አብሮት ካልተሻገረ፣ በየትኛውም ወገን መዝገብ ላይ ሕመሙ ከሐሩሩ ጋር ሊገናኝ አይችልም።