ዙፋኑን የቀባው ማነው?

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ብዙ ዘመን ተኖረ። ይህ እምነት ከየት መጣ ብለን በጠየቅን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሃይማኖት ደፈራችሁ» ይሉናል፤ አንዳንድ መምህራንም ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። እኛ ግን የእናቶቻችንን ጾምና ጸሎት አልነካንም። የጠየቅነው በእግዚአብሔር ስም ስለተጻፈ የሥልጣን ውል ነው።

እንግዲህ ውሉን እንመርምረው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ዘውዱ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የወረደ ነው ብሎ ደነገገ። ንጉሠ ነገሥቱም በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት አካላቸው የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸው የማይደፈር ነው ተባለ። ተረት የነበረው የሕግ አንቀጽ ሆነ።

ምንጩ ክብረ ነገሥት ነው። የግዕዙ መጽሐፍ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ነው፤ ይኸውም ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ዛጔዎችን አስወግዶ ከነገሠ በኋላ መሆኑ ነው። የአክሱሙ ይስሐቅ በመጽሐፉ መጨረሻ በዛጔ ዘመን ለምን እንዳልተተረጎመ ሲያስረዳ፣ መጽሐፉ እስራኤላዊ ሳይሆን የሚነግሠውን ሕግ አፍራሽ ስለሚለው ነው ይላል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን ያሻል? መጽሐፉ ማንን ሊያነግሥ፣ ማንንስ ሊኮንን እንደወጣ በራሱ አንደበት ተናገረ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ የአክሱም ድንጋይ ይመሰክራል። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሳይቀበል «የማሕረም ልጅ ነኝ» ብሎ አስቀረጸ፤ ከተቀበለ በኋላ ያነገሠው የሰማይ ጌታ መሆኑን አስቀረጸ። የሰሎሞንን ስም ግን አላነሣም። የሚመለከው ተለወጠ፤ ዙፋኑ በሰማይ ዋስ መፈለጉ አልተለወጠም።

ዋጋውን የከፈለው ማነው? «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የተባለለት ገበሬ ነው። ጭሰኛው ከላቡ ፍሬ እስከ እኩሌታ ለባለመሬት ሲሰፍር፣ «እግዚአብሔር ያለው ነው» ተብሎ ተጽናና። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የማይከሰሱት ንጉሥ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ሰማዩ ግን አልወደቀም።

«መጠራጠር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» ለሚሉን መልስ አለን። በ15ኛው መቶ ዓመት ደቂቀ እስጢፋኖስ ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ቆሙ፤ ተገረፉ፣ ተገደሉም። እነዚህ ከሓዲዎች አልነበሩም፤ መነኮሳት ነበሩ። እምነትንና ለሥልጣን መስገድን ለይተው ያወቁ የአገራችን ልጆች ናቸው።

ራሳችንንም አንምር። ሰሎሞን በወረደበት ወንበር ላይ ተራማጁ ወገን ሌላ የማይጠየቅ ነገር አስቀመጠ፤ ስሙንም አብዮት አለው። የጠየቀው መናፍቅ መባሉ ቀርቶ ፀረ አብዮት ተባለ፤ የወጣቱም ደም በየመንገዱ ፈሰሰ። ስለዚህ ክርክራችን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ጋር ብቻ አይደለም፤ «አትጠይቅ» ከሚል ሁሉ ጋር ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ ስለ እኛ ሆኖ አይጠይቅልንም። መምህራን ሆይ፣ ክብረ ነገሥትን ሳትሳደቡና ሳትሰግዱ፣ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን ጥቅም እያላችሁ አስተምሩን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገም አንድ ሰው ተነሥቶ «ሥልጣኔን የሰጠኝ ፈጣሪ ነው» ቢላችሁ፣ ፈጣሪን ሳይሆን ሰውየውን ፊርማውን አሳየን በሉት።