የሞት ፍርዱ ማንን ጠበቀ?

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ፣ ሕዝብ የጨፈጨፈ ሰው በሞት ካልተቀጣ ፍትሕ አለ ማለት አይቻልም ሲሉ አነበብኩ። ብዙ ሰው በዚህ ይስማማል፤ እኔም ድሮ ከእነሱ ወገን ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተወስዶ የቀረ ነውና፣ እሳት ያልነካው ሰው ተፈላሰፈብኝ እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቤቴ ቀበና ነው። በኢጣሊያ ኤምባሲ አጥር ሥር ስመላለስ ዕድሜዬ አለቀ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከባለሥልጣናቱ አንዳንዶቹ እዚያ ግቢ ገቡ። ከእነሱ ሁለቱ፣ ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ፣ እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. እዚያው ነበሩ። ወደ ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው! መንግሥት ስጡኝ ይላል፤ ኢጣሊያ አልሰጥም ትላለች። ሕገ መንግሥቷ የሞት ቅጣትን ይከለክላል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ1988 ዓ.ም. ከዚህም አልፎ ሄደ፤ ፍሎሪዳ በነፍስ ግድያ የምትፈልገውን ሰው፣ አሜሪካ አንገድለውም የሚል ማረጋገጫ እየሰጠች እንኳ፣ ተላልፎ አይሰጥም አለ። አሜሪካን የከለከለ ለእኛ ይሰጣል? (ባዶሊዮንና ግራዚያኒን በእኛ ላይ ለፈጸሙት ግፍ ችሎት ያላቆመች አገር ስለ ሰው ሕይወት ክቡርነት ስታስተምረን መስማት ያንገበግባል። እሱ ግን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደርጎቹን የዕድሜ ልክ እስራት ወደ ሞት ሲያከብደው ሰፈራችን ውስጥ እልል ያለ ሰው ነበር። እኔ ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አጥሩን ቀና ብዬ አየሁት፤ የረዘመ መሰለኝ። ተይዘው ችሎት የቆሙት ጓዶቻቸው እኮ የሞት ፍርዳቸው በግንቦት 2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው፣ አብዛኞቹ ከጥቂት ወራት በኋላ በአመክሮ ቤታቸው ገብተዋል። አንድም ሰው አልተሰቀለም። ታዲያ ያ የሞት ፍርድ ለተሸሸጉት መከለያ ከመሆን በቀር ምን ሠራ?

አሁን ደግሞ ሄግን እንይ። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገድለዋል። የጊዜው የደርግ ተወካይ እሸቱ ዓለሙ ኋላ ሆላንድ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። እዚህ ተከሳሹ በሌለበት የተሰጠው የሞት ፍርድ ወረቀት ላይ ቀረ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ግን ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በይግባኝም ጸና። እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ከእስር የተረፉት ሰዎች ሰውየው ፊት ቆመው መናገራቸው ነው። እስራቱ ሁለተኛ ነው።

«መንግሥቱ ኃይለ ማርያምስ?» ይሉኝ ይሆናል ጸሐፊው። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ዚምባብዌ ያስጠለለችው በነፃነት ትግሏ ጊዜ ለዋለላት ውለታ እንጂ የሞት ቅጣትን ተጸይፋ አይደለም፤ የራሷም ሕግ ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከሕጓ ሰርዛዋለች። ትናንት ሰበቧ ወዳጅነት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሕግም ልታነሣ ትችላለች። ያን ሰበብ የምናቀብላት እኛው ነን።

በጥንቱ ልማዳችን ገዳይ ለሟች ዘመድ ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ዘመድ ወይ ይገድላል ወይ የደም ካሳ ይቀበላል። ምርጫው የተጎጂው ነበር። ኋላ መንግሥት ምርጫውን ወደ ራሱ ሲወስድ ተጎጂውን ምን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቁም አብሮ ቀረ። እናቴን አንድ ቃል ተቀባይ ወጣት፣ ከደንቡ ውጪ ይመስለኛል፣ «እማማ፣ ምን ቢፈረድባቸው ደስ ይልዎታል?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ነጠላዋን እያስተካከለች «የት እንዳስቀመጡት ይንገሩኝ» አለችው። ልጁ እስኪርቢቶውን አንሥቶ ትንሽ ቆየና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ፤ ለእንዲህ ያለ መልስ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረማ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በዚህ ዘመን ግፍ የሠሩም እንደ ቀድሞዎቹ ወደ ውጭ መውጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከአሁኑ፣ የመያዣ ትእዛዝ ሳይጻፍ፣ ለእነዚህ ወንጀሎች የሞት ቅጣት እንዳይኖር በሕግ ይደንገግ እላለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንዳለ ከቀጠለ ግን ዐቃቤ ሕጎቻችን እንደገና አጥር ሥር ይቆማሉ።

ወንድሜን ከቤት የወሰደው የቀበሌ ሹም በሕይወት አለ፣ አውሮፓ ነው የሚኖረው ይባላል። በሌለበት ሞት ተፈርዶበታል። እናቴ አርፋለች። እኔ ከሱ የምፈልገው አንድ የቦታ ስም ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ የቀበና አንባቢ